ዝናብ ሳይዘንብ የራሰው ድንኳን

አዲስ አበባ ዙሪያ ድንኳን ተክዬ ማደር ከጀመርኩ ወዲህ ሦስተኛ ጉዞዬን ጨርሻለሁ። ድንኳኔን ለምን እንደቀየርኩ ለጠየቃችሁኝ፣ የሆነው እንዲህ ነው።

የመጀመሪያውን ስገዛ የተመለከትኩት ዝናብ መቋቋሙን ብቻ ነበር። ጨርቁ 5000 ሚሊ ሜትር የሚል ቁጥር አለው፤ አምስት ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ ቢቆምበት እንኳ አያሳልፍም ማለት ነው። አንድ ንብርብር ብቻ ያለው፣ ወፍራም፣ አራት ኪሎ ተኩል የሚመዝን ድንኳን ነው። በጥቅምት መጨረሻ ከጓደኛዬ ጋር ሱሉልታ ሜዳ ላይ ተከልነው። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግንባሬ ላይ ጠብ ያለ ውሃ ቀሰቀሰኝ። ባትሪ ሳበራ ጣሪያው በሙሉ ጠብታ አቁሯል፤ የእንቅልፍ ከረጢታችንም በእግር በኩል ርሷል። ከሰማይ አንዲት ጠብታ አልወረደችም። ውሃው የራሳችን ትንፋሽ ነበር።

አንድ ሰው በአንድ ሌሊት በትንፋሹና በቆዳው ሩብ ሊትር ያህል ውሃ ያወጣል። ያ እንፋሎት መውጫ ካጣ ቀዝቃዛው ጨርቅ ላይ ውሃ ይሆናል። እኛ ደግሞ ብርዱን ፈርተን ዚፑን እስከ ጫፍ ዘግተነዋል! የመረጥነው ቦታም ረባዳ ነበር። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ሌሊት ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል፤ ጤዛውም እዚያ ይበረታል። አሁን ከረባዳው ጥቂት ከፍ ብዬ፣ ደረቅ ቅርንጫፍ የማያንዣብብበት ዛፍ አጠገብ እተክላለሁ።

ሁለተኛው ጉዞ በጥር ወደ የረር ነበር፤ በተዋስነው ድንኳን አደርን። ስለ እሱ ብዙ የምለው የለም። ነፋሱ የፋይበር ዘንጉን ሰነጠቀው፤ አለቱም ካስማ አላስገባ ብሎን አውታሮቹን ድንጋይ ላይ አሰርን። የአሉሚኒየም ዘንግ ያለውና ያለ ካስማ ራሱን ችሎ የሚቆም ድንኳን መፈለግ የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው።

አሁን ያለኝ ሁለት ንብርብር አለው። ውስጡ አብዛኛው መረብ ነው፤ የውጭው ሽፋን ሳይነካው ከላይ ተወጥሮ ይቆማል፤ አናቱ ላይም የአየር መውጫ አለው። እንፋሎቱ በመረቡ አልፎ ሽፋኑ ላይ ውሃ ቢሆንም በጎን ተንሸራቶ መሬት ይወርዳል እንጂ እኛ ላይ አይንጠባጠብም። የጣሪያው ቁጥር 2000 ብቻ ነው። በሚያዝያ መናገሻ ሱባ ደን ውስጥ ከምሽት እስከ ንጋት ዘንቦብን አንዲት ጠብታ አላስገባም። ከፍ ያለ ቁጥር የሚያስፈልገው ወለሉ ነው፤ ጉልበትና ክርን እርጥብ መሬት ላይ ይጫኑታልና። የውጭው ሽፋን ቀድሞ መተከሉንም ወድጄዋለሁ፤ ዝናብ ላይ ብትደርሱ ውስጡ ሳይርስ ትሠራላችሁ።

ክብደቱ ሁለት ኪሎ ከአራት መቶ ግራም ነው። ጓደኛዬ ዘንጉንና ካስማውን፣ እኔ ጨርቁን እንሸከማለን። «ለሁለት ሰው» የሚለውን ጽሑፍ ግን አትመኑ፤ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። የእኛ ፍራሾች እያንዳንዳቸው 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት አላቸው፤ ወለሉ 130 በመሆኑ ለጥቂት ተቃቅፈን ከመተኛት ተርፈናል።

በኅዳር ወጨጫ ላይ ከ3,300 ሜትር በላይ ወጥተን ልናድርበት አስበናል። መረቡ በዚያ ብርድ ምን ያህል እንደሚመች ሳይ እጽፍላችኋለሁ። በዚያ ከፍታ ያደራችሁ ካላችሁ፣ ነፋሱ ከየት በኩል እንደሚበረታ ንገሩኝ፤ በሩን ወዴት እንደማዞር ከወዲሁ ልወስን።