ያልረገጥኳትን መንደር ታሪክ ስጽፍ፤ ላ ጉዌራና የስፔን ምሽጓ

ላ ጉዌራ የምዕራብ ሳሃራ ደቡባዊ ጫፍ ናት። በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር፣ ከሞሪታንያ የወደብ ከተማ ከኑዋዲቡ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቃ የምትገኝ፣ ከጥቂት ዓሣ አጥማጆችና ከጥበቃ ወታደሮች በስተቀር ሰው የማይኖርባት መንደር ነች። ታሪኳን ለመጻፍ ስነሳ ከአዲስ አበባ ሳልወጣ እንደምሠራው አውቄ ነበር፤ ቦታው በወታደር የሚጠበቅ በመሆኑ መንገደኛ እንደ ልቡ አይገባበትም። ከርቀቱ ይልቅ ያስቸገረኝ ግን ስለ መንደሯ ሰነድ የተዉልን ወገኖች በአብዛኛው ቦታዋን የእኛ ናት የሚሉ፣ ወይም በአንድ ወቅት ሲሉ የነበሩ መሆናቸው ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጉዳዩ ለእኛ የሚመስለውን ያህል ሩቅ አይደለም። ሞሮኮ የእኔ ነው በምትለው በምዕራብ ሳሃራ ነጻ መንግሥት ሆና ለታወጀችው ለሳህራዊ ዐረብ ዴሞክራሲያዊት ሪፐብሊክ ኢትዮጵያ ዕውቅና የሰጠችው በ1979 ነው። ሪፐብሊኳ በ1982 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አባል ሆና የተቀመጠችው፣ ሞሮኮም በዚሁ ተቆጥታ በ1984 ከድርጅቱ የወጣችው፣ በ2017 ደግሞ ወደ አፍሪካ ኅብረት የተመለሰችው አዲስ አበባ ላይ በተካሄዱ ስብሰባዎች ነበር። እኔም ወደ ላ ጉዌራ የደረስኩት የእነዚህን ስብሰባዎች ታሪክ ሳነብ፣ የሞሮኮ ባለሥልጣናት አገራቸውን «ከታንጀር እስከ ላ ጉዌራ» እያሉ ሲጠሩ አይቼ፣ ይህች የአገር ዳርቻ የተባለች ቦታ ምን ዓይነት ናት ብዬ በመጠየቅ ነው።

ከቤቶቹና ከምሽጉ በፊት ድንበሩን መረመርኩ፤ አሁንም እንዲህ ያለ ሥራ ለሚጀምር ሰው የምመክረው ይህንኑ ነው። ፈረንሳይና ስፔን በ1900 ፓሪስ ላይ በተፈራረሙት ውል መሠረት ድንበሩ ላ ጉዌራና ኑዋዲቡ ካሉበት ከካፕ ብላንክ ልሳነ ምድር ምዕራባዊ ዳርቻ ተነሥቶ ወደ መካከሉ ከገባ በኋላ፣ መሬቱ በፈቀደ መጠን ልሳነ ምድሩን ለሁለት እኩል እየከፈለ ወደ ሰሜን እስከ 21 ዲግሪ ከ20 ደቂቃ ኬክሮስ ይወጣል። ውሉን ከባሕር ካርታ ጋር አስተያይቼ ሳነበው ብዙ ነገር ተገለጠልኝ። ምሥራቁ ወገን ከነፋስና ከማዕበል የተከለለ የባሕር ወሽመጥ ነው፤ ፈረንሳዮች ፖርት ኤትየን ያሏትን የዛሬዋን ኑዋዲቡን የቆረቆሩት እዚያ ነው። ለስፔን የደረሰው ምዕራቡ ወገን በቀጥታ ከአትላንቲክ ጋር የተጋፈጠ ነው። አንዲት ቀጭን የምድር ምላስ በቁመቷ ስትሰነጠቅ፣ ወደቡ ለአንዱ፣ ማዕበሉ ለሌላው ሆነ ማለት ነው።

ምሽጉን የሠራው በኩባ ሐቫና የተወለደው የስፔን መኮንን ፍራንሲስኮ ቤንስ ነው። ቤንስ የሪዮ ዴ ኦሮ (በስፔን የተያዘው የምዕራብ ሳሃራ ደቡባዊ ክፍል) አስተዳዳሪ ሆኖ በቪያ ሲስኔሮስ፣ በዛሬዋ ዳኽላ፣ ለረጅም ዓመታት የተቀመጠ ሲሆን፣ በ1916 በስተሰሜን ያለውን ኬፕ ጁቢን ከያዘ በኋላ በ1920 መጨረሻ ላይ በመርከብ ወደ ደቡብ ወርዶ ላ ጉዌራን ያዘ። ውሉ ከተፈረመ ሃያ ዓመት አልፎት ነበር። የቅኝ ግዛት ዘመን ጽሑፎች እንዲህ ያለውን ምሽግ ከበረሃው ዘላኖች ጥቃት መከላከያ አድርገው ማቅረብ ይወዳሉ። ውሉንና ካርታውን ላየ ሰው ግን ይህ ምሽግ ዋና ሥራው በጓሮ በኩል ላሉት ፈረንሳዮች የስፔንን ባንዲራ ማሳየት ነበር ቢባል ስሕተት አይመስለኝም።

ለዚህ አሳብ የረዳኝ ሰነድ ካልጠበቅሁት ቦታ የመጣ ነው፤ የፖስታ ቴምብር። ስፔን ምሽጉን እንደያዘች በሪዮ ዴ ኦሮ ስም በታተሙ ቴምብሮች ላይ የመንደሯን ስም በማኅተም ደርባ አወጣች፤ በ1922 ደግሞ የንጉሥ አልፎንሶ 13ኛ ምስል ያለባቸው፣ ለላ ጉዌራ ብቻ የተዘጋጁ ቴምብሮች ታተሙ። በ1924 አስተዳደሯ ከስፔን ሳሃራ ጋር ሲዋሐድ የራሷ ቴምብር ቀረ። በአጉሊ መነጽር ሲታይ የተደረበው ጽሑፍ ከሥሩ ካለው ስም ጋር ተደራርቦ ይነበባል። እፍኝ ለማይሞሉ ወታደሮችና ዓሣ አጥማጆች የተለየ ቴምብር ማተም የደብዳቤ ብዛት ያመጣው ጉዳይ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ከዚህ የተማርኩት መንግሥታት ለክርክር ብለው ከሚጽፉት መግለጫ ይልቅ ለዕለት ሥራ የሚያትሙት ተራ ወረቀት አሳባቸውን ይበልጥ እንደሚያጋልጥ ነው።

የመንደሯን መጥፋት የሚመለከተው ክፍል በጥንቃቄ የሠራሁት ነው፤ ሁሉም ወገን የየራሱን ይተርካልና። አንድ ክስተት እውነት ነው ብዬ የምቀበለው ሁለት ተፃራሪ ወገኖች ሲስማሙበት፣ ወይም አንዱ ወገን የሚጎዳውን ነገር ራሱ ሲያምን ብቻ ነበር። በዚህ ወንፊት ያለፈው ይህ ነው። በኖቬምበር 1975 በማድሪድ በተደረገው ስምምነት ስፔን አስተዳደሩን ለሞሮኮና ለሞሪታንያ ለማስረከብ ተስማማች፤ በዲሴምበር የሞሪታንያ ጦር ላ ጉዌራን የሳህራዊ ሪፐብሊክን ካወጀው የነጻነት ንቅናቄ ከፖሊሳርዮ ተዋጊዎች ጋር ለቀናት ተዋግቶ ያዘ። በ1979 በጦርነቱ የደቀቀችው ሞሪታንያ ከፖሊሳርዮ ጋር ሰላም አውርዳ ከያዘችው የምዕራብ ሳሃራ ክፍል ስትወጣ፣ ሞሮኮ ዳኽላን ወዲያው ያዘች። ወደ ላ ጉዌራ ግን አልወረደችም፤ የሞሪታንያ ወታደሮች እዚያው ቀሩ። ለኑዋዲቡ ደኅንነት ሲሉ ነው ብዬ እገምታለሁ፤ የአገሪቱ የብረት ማዕድን ከዙዌራት በባቡር መጥቶ ወደ መርከብ የሚጫነው በዚያው ልሳነ ምድር ላይ ነውና።

ብዙ ጸሐፊዎች መንደሯን አሸዋ እንደዋጣት ይጽፋሉ። የሳተላይት ምስሎችን አጉልቼ ስመለከት ቀጥ ብለው የተቀየሱ መንገዶች፣ ጣሪያቸው የሌለ ግድግዳዎችና በግድግዳዎቹ ጥግ የተከመረ አሸዋ ይታያሉ። አሸዋው ግን ኑዋዲቡንም ይነፍስባታል፤ ኑዋዲቡ ግን አለች፤ ጠራጊም አላት። ላ ጉዌራ ጠራጊ ያጣችው ነዋሪዎቿ በጦርነቱ ስለተበተኑ፣ እንዲመለሱ የሚያደርግ አስተዳደርም ስላልነበረ ነው። ምክንያትና ውጤትን መለየት ባዶ መንደር ሲጠና እጅግ ያስፈልጋል፤ ፎቶግራፍ የሚያሳየው ውጤቱን ብቻ ነው።

በመጨረሻ ለጽሑፉ ካርታ ማዘጋጀት ነበረብኝ፤ ላ ጉዌራን በየትኛው ቀለም እንደምቀባም መወሰን ነበረብኝ። ሞሮኮ የእኔ ናት ትላለች፤ ሆኖም በአሸዋና በድንጋይ የገነባችው የመከላከያ ግንብ መንደሯን አያካትትም። የሳህራዊ ሪፐብሊክም የእኔ ናት ትላለች። በቦታው ያለው የሞሪታንያ ጦር ነው፤ ሞሪታንያ ግን የይገባኛል ጥያቄዋን በ1979 ትታዋለች። ስለዚህ በአንድ ቀለም መቀባቱን ትቼ፣ የ1900ውን ድንበር እንዳለ አስምሬ፣ በስተምዕራቡ ነጭ ቦታ ተውኩ፤ ከካርታው ግርጌም ማን የእኔ ነው እንደሚልና ማን ቆሞ እንደሚጠብቅ ለየብቻ ጻፍኩ።