መድኃኒት የሌለው መርፌ

ዛሬ በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከምሠራበት የፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ የወጣሁት መሽቶ ነው። እራት ሳልበላ ይህን የምጽፈው የመጨረሻዋ ታካሚዬ ለጠየቁኝ ጥያቄ የሰጠሁት መልስ ስላላረካኝ ነው። ቀጭኑን መርፌ ከማሸጊያው ሳወጣ እጄን አተኩረው ተመለከቱና «ልጄ፣ መድኃኒቱ የታለ?» አሉኝ። መርፌው ውስጡ ክፍት እንዳልሆነ፣ ወደ ሰውነታቸው የሚያስገባው ነገር እንደሌለ፣ ሥራው ጡንቻውን መንካት ብቻ እንደ ሆነ አስረዳኋቸው። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «ታዲያ በምን ያሽለኛል?» አሉ።

ይህን ጥያቄ ከሌሎች ታካሚዎቼ እምብዛም አልሰማውም፤ ከአገሬ ሰዎች ግን ዘወትር እሰማዋለሁ። እኛ «መርፌ» ስንል መድኃኒቱን ማለታችን ነው። በልጅነቴ ጎንደር ውስጥ እንክብል ብቻ ተሰጥቶት የተመለሰ ሕመምተኛ «ምንም አላደረጉልኝም» እያለ ሲያዝን፣ የተወጋው ደግሞ ገና ከጤና ጣቢያው ግቢ ሳይወጣ ሲሻለው አይቻለሁ። ስለዚህ «ድራይ ኒድሊንግ» የሚለውን ስም «ደረቅ መርፌ» ብዬ ስተረጉምላቸው ባዶ ብልቃጥ ያሳየኋቸው ያህል ቅር እንደሚላቸው ከፊታቸው አነባለሁ።

እኚህ እናት ለ16 ዓመታት በአንድ የመኪና ማቆሚያ በገንዘብ ተቀባይነት ሲሠሩ ቆይተዋል፤ አሁንም በሳምንት አራት ቀን ይሠራሉ። ከጠባቧ ክፍል ሳይነሡ በመስኮቱ ቀኝ እጃቸውን እየዘረጉ ቲኬት ሲቀበሉና መልስ ሲመልሱ የኖሩበት ትከሻ ጠጥሯል። ሕመሙ ከትከሻቸው ተነሥቶ በአንገታቸው ጎን ሽቅብ ይወጣና ከጆሯቸው በላይ ራሳቸውን ይጠዘጥዛቸዋል። ከጀመራቸው 4 ዓመት ሆኖታል። እርሳቸው «ብርድ ነው የገባብኝ» ይላሉ። የጭንቅላት ምርመራ ተደርጎላቸው ምንም አልተገኘም ስለተባሉ ጸበል ተጠምቀዋል፤ አገር ቤት በሄዱ ጊዜም ዋግምት ተደርጎላቸዋል። «ይህስ እንደ ዋግምት ነው?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ደም ለማውጣት አለመሆኑን ስነግራቸው ይበልጥ ግራ ገባቸው። የቻይናውን የመርፌ ሕክምና፣ አኩፓንክቸርን፣ የሚያውቁትም እንዲሁ ይጠይቁኛል፤ መርፌው በእርግጥ አንድ ዓይነት ነው፤ እኔ የምፈልገው ግን በቻይና ሕክምና የተሠመሩትን የኃይል መስመሮች ሳይሆን በእጄ የሚዳሰሰውን የታመመ ጡንቻ ነው።

የትከሻቸውን የላይኛውን ጡንቻ በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ ቆንጥጬ ስይዝ በመካከሉ እንደ ክር የተወጠረ ነገር አገኘሁ፤ በእርሱም ላይ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ጠጣር ቦታ ነበረች። ስጫናት «እርሷ ናት! ጭንቅላቴ ድረስ ሄደች» አሉ። ባለሙያዎች ትሪገር ፖይንት የሚሏት ይህችን የጡንቻ ቋጠሮ ነው። ውፍረቱ 0.30 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 40 ሚሊ ሜትር የሆነውን መርፌ በቀስታ አስገብቼ ቋጠሮዋን ስነካት ጡንቻው በጣቶቼ መካከል ድንገት አንድ ጊዜ ተርገበገበ። ይህ መርገብገብ ከአከርካሪ አጥንት ውስጥ ካለው የነርቭ ገመድ የሚመለስ ምላሽ እንጂ ሰው በፈቃዱ የሚያመጣው አይደለም። ስንት ዓመት ስሠራበት ኖሬ ዛሬም ያስደንቀኛል። እርሳቸውም «ወይ እመቤቴ!» ብለው ትንፋሻቸውን ዋጡ፤ ከዚያም ትከሻቸው ቀስ እያለ ከእጄ ላይ ሲለሰልስ ተሰማኝ።

ጡንቻውን ቆንጥጬ ከፍ ማድረጌ ለማግኘት ስለሚመች ብቻ አይደለም። የሳንባ ጫፍ ከአንገት ሥር ካለው አጥንት በላይ ስለሚደርስ፣ በዚያ አካባቢ አቅጣጫውን የሳተ መርፌ ሳንባ ሊበሳ ይችላል። በሜሪላንድ አንድ ፊዚዮቴራፒስት ይህን ሥራ ለመሥራት 80 ሰዓት ተጨማሪ ሥልጠና መውሰድ አለበት፤ ግማሹም በእጅ የሚሠራ ልምምድ ነው። ቅዳሜና እሑድን ብቻ ሠልጥነው መርፌ ስለሚያነሡ ሰዎች ስሰማ እፈራለሁ።

«በምን ያሽለኛል?» የሚለው ጥያቄ በሕክምናው ታሪክ ውስጥም የተጠየቀ ነው። የፕሬዚዳንት ኬኔዲ ሐኪም የነበሩት ጃኔት ትራቬል የታመሙ ጡንቻዎችን ሲያክሙ ፕሮኬይን የተባለ ማደንዘዣ በመርፌ ይሰጡ ነበር። የቼኮዝሎቫኪያው ሐኪም ካሬል ሌዊት ደግሞ የሚያሽለው ማደንዘዣው ነው ወይስ መርፌው ራሱ ብለው በመጠየቅ፣ በ241 ታካሚዎች ላይ 312 የሕመም ቦታዎችን ያለ መድኃኒት ወግተው ያገኙትን እ.ኤ.አ. በ1979 አሳተሙ። መርፌው ዋናውን የሕመም ቦታ ሲያገኝ 86.8 በመቶ በሚሆኑት ላይ ሕመሙ ወዲያው ጠፍቶ ነበር። ይህን ቁጥር ሥልጠና ላይ ስሰማው ልቤ ሞልቶ ነበር። ኋላ ጽሑፉን ራሴ ሳነብ ግን ሌላውን ቁጥር አገኘሁት፤ ክትትል ከተደረገባቸው 288 ቦታዎች ሕመሙ ለዘለቄታው የጠፋው በ92ቱ ብቻ ነው፤ ከሌሎቹ በብዙዎቹ እፎይታው ለወራት፣ ለሳምንታት ወይም ለቀናት ብቻ የቆየ ነበር። በዚያም ላይ ጥናቱ ማነጻጸሪያ ቡድን፣ ማለትም ሕክምናውን ሳያገኙ የሚነጻጸሩ ሰዎች፣ አልነበረውም። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ጥናቶችም በአመዛኙ የሚያሳዩት ሕክምናው ለጥቂት ሳምንታት ሕመም እንደሚቀንስ እንጂ ለብዙ ወራት ብቻውን እንደሚበቃ አይደለም።

የእኚህ እናት ሕመም 4 ዓመት የቆየ ነው። ከ3 ወር በላይ የቆየ ሕመም፣ መነሻው ጡንቻ ቢሆን እንኳ፣ ብዙ ጊዜ ጡንቻው ላይ ብቻ አይቀርም። የነርቭ ሥርዓቱ ራሱ፣ ሌባው ከሄደ በኋላ በኮሽታው ሁሉ እንደሚጮኽ የግቢ ውሻ፣ ለትንሹም ለትልቁም ይቆጣል። መርፌው ውሻውን ለጊዜው ዝም ያሰኘዋል። በዚያ ጸጥታ ውስጥ አንገቱ ሳይፈራ እንዲዞር፣ ክንዱ ክብደት እንዲለምድ፣ እንቅልፍም እንዲመለስ ካልተደረገ ጩኸቱ ተመልሶ ይመጣል። ለእርሳቸው መንገር የነበረብኝ ይህንን ነበር። እኔ ግን ሰዓቱ ስለገፋ «ጡንቻውን ያፍታታልዎታል» ብዬ በአጭሩ አለፍሁት። ሰው በመርፌ ላይ ያለው እምነት ራሱ ሕመም እንደሚያስታግስ ስለማውቅ፣ ያንን እምነት ላለመንካት የመፈለግ ፈተናም ነበረብኝ። እምነቱ ይጠቅማቸዋል፤ ነገር ግን በየሳምንቱ ለመወጋት ብቻ የሚመጡ፣ በቤት የሚሠሩትን እንቅስቃሴ የሚተዉ ታካሚዎችንም ያፈራብኛል።

ዛሬ የቀጠርኋቸው በ10 ሰዓት ነበር፤ ይህንንም ያደረግሁት አስቤበት ነው። ከዓመታት በፊት በዐቢይ ጾም ወቅት አንዲት ወጣት ጠዋት መጥታ፣ መጾሟን ሳልጠይቅ ቁጭ ባለችበት አንገቷን ወጋኋት። ከአፍታ በኋላ ፊቷ ገረጣ፣ ላብ አጠመቃትና እጄ ላይ ተዝለፈለፈች። እግሯን ከፍ አድርጌ አስተኝቻት ወዲያው ነቃች፤ ጉዳት አልደረሰባትም። ጥፋቱ ግን የእኔው ነበር፤ በመጠይቁ ቅጽ ላይ «ዛሬ በልተዋል?» የሚል ጥያቄ ስላልነበረ ራሴ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ጾም መያዙን ደግሞ ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ጾመኞችን የምቀጥረው ከ9 ሰዓት በኋላ ቅዳሴ ወጥቶ፣ እህል ቀምሰው ነው፤ የምወጋቸውም ተኝተው ነው።

ሥራውን ስንጨርስ እኚህ እናት አንገታቸውን ወደ ቀኝ አዞሩ፤ ከመጡበት ጊዜ ይልቅ ብዙ ሄደላቸው። ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ትከሻቸው እንደ ተመታ ሰው ሊያማቸው እንደሚችል ነግሬ፣ በላስቲክ የሚሠሩትን እንቅስቃሴ አሳየኋቸው። ከዚያም በሥራ ቦታቸው እጃቸውን ብቻ ከመዘርጋት ይልቅ ሙሉ ሰውነታቸውን ወደ መስኮቱ እንዲያዞሩ መከርኋቸው። ኮታቸውን እየደረቡ «ወንበሩ እኮ አይዞርም፣ ልጄ። ከወለሉ ጋር የታሰረ ነው» አሉኝ።

16 ዓመት ሙሉ አልዞረም። እኔ ስለ ቋጠሮዋ ስጠይቃቸው፣ ሌሎች ሐኪሞችም ጭንቅላታቸውን ሲመረምሩ፣ ስለ ወንበሩ የጠየቃቸው ሰው እንዳልነበረ ነገሩኝ። ነገ ጠዋት ከሁሉ አስቀድሜ ለአሠሪያቸው የሚሰጥ ደብዳቤ እጽፋለሁ፤ የሚዞርና ከፍታው የሚስተካከል ወንበር ለጤናቸው እንደሚያስፈልግ በሙያዬ ፈርሜ እገልጻለሁ። ማክሰኞ በ10 ሰዓት ሲመጡ ደብዳቤውን እሰጣቸዋለሁ፤ መርፌውን ከማውጣቴም በፊት ዛሬ በአጭሩ ያለፍሁትን ጥያቄያቸውን ቁጭ ብዬ እመልስላቸዋለሁ።