ለኤዲቲንግ ሶፍትዌሩ ከመክፈሌ በፊት

አዲስ ቨርዥን ሲወጣ ማስታወቂያውን አይቶ አለመጓጓት ይከብዳል። ሁሉም ነገር በአንድ ክሊክ ያልቃል ይሉናል። እኔ የምሠራው ዳቪንቺ ሪዞልቭ በሚባለው የቪዲዮ ኤዲቲንግ ሶፍትዌር ነፃ ቨርዥን ነበር። ከፍዬ ስቱዲዮ ወደሚባለው የሚከፈልበት ቨርዥን ልሻገር ወይስ ባለሁበት ልቆይ እያልኩ ሳወጣ ሳወርድ፣ የፊቸሮቹን ዝርዝር ማንበብ ተውኩና ኪቦርዱ አጠገብ ወረቀት አስቀመጥኩ። ሥራ በተጓተተብኝ ቁጥር ምን እንዳጓተተው ጻፍኩበት።

ደጋግሞ የመጣው የቪዲዮ መቆራረጥ ነው። ፕሌይ ስል ድምፁ ይሄዳል፣ ምስሉ ቆሞ ይቀራል። ካሜራዬ የሚቀርጸው በኤች 265 ነው። ይህ ፎርማት የፋይሉን መጠን ለመቀነስ ሲል አብዛኞቹን ፍሬሞች (ቪዲዮው የተሠራባቸውን ነጠላ ምስሎች) ሙሉ በሙሉ አያስቀምጥም፤ ከጎረቤቶቻቸው የሚለዩበትን ብቻ ይይዛል። ኮምፒውተሩ አንዱን ለማሳየት ሌሎቹንም መፍታት አለበት። ለዚህ ደግሞ ፕሮክሲ አለ፤ ኤዲት ሲደረግ በዋናው ክሊፕ ፈንታ የሚያገለግል ቀለል ያለ ቅጂ ነው፣ ነፃው ላይም ይሠራል። ክሊፖቹን በግማሽ ሬዞሉሽን ዲኤንኤክስኤችአር ወደሚባል ለኮምፒውተሩ መፍታት የሚቀል ፎርማት ቀየርኳቸውና ታይምላይኑ ሰተት ብሎ መሄድ ጀመረ። ዲስክ ይበላል እንጂ ገንዘብ አይበላም።

4ኬም ለመክፈል ሰበብ አልሆነልኝም። ነፃው እስከ 3840 በ2160፣ በሰከንድ 60 ፍሬም ድረስ ያወጣል። ደንበኞቼ የሚቀበሉኝ ደግሞ በ1080 ነው።

የቀረው ኖይዝ ነው። በደብዛዛ መብራት የተቀረጸ ቃለ መጠይቅ ጥላው ላይ እንደ ጉንዳን የሚርመሰመስ ነጠብጣብ አለው። ማጥፊያው ያለው ስቱዲዮ ላይ ነው፤ ነፃው ግን ምስሉ ላይ ዋተርማርክ እየለጠፈም ቢሆን ያስሞክራል። ለዚህ አመሰግናለሁ። በጣም የተበላሸብኝን ክሊፕ አምጥቼ ሞከርኩት። ጥላው ጠራ፣ የፀጉሩ ዘለላም አልጠፋም። ተናጋሪው እጁን ሲያወናጭፍ ግን ከኋላው የደበዘዘ ምስል ይጎተት ነበር። መሣሪያው ተከታታይ ፍሬሞችን እያነጻጸረ ስለሚያጸዳ እንቅስቃሴ ሲበዛ ይሳሳታል። መጠኑን ዝቅ ሳደርገው ተስተካከለ። ቀድሞ እንዲህ ያለውን ክሊፕ ወይ እጥለው ነበር፣ ወይ በጥቁርና ነጭ አድበሰብሰው ነበር።

ከዚያ የአከፋፈሉ ነገር መጣ። ሌላው የኤዲቲንግ ሶፍትዌር፣ የአዶቤው ፕሪሚየር ፕሮ፣ ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ አዲሱን ቨርዥን የሚሰጠው በደንበኝነት ክፍያ ነው፤ ክፍያው ሲቆም ሶፍትዌሩም ይቆማል። ስቱዲዮ አንዴ ተከፍሎ ይገዛል። የእኔ ሥራ አንድ ሰሞን ይጎርፋል፣ አንድ ሰሞን ድርቅ ይላል። ሥራ በሌለበት ወር ሶፍትዌር መክፈል አልፈለግኩም፤ ስቱዲዮውን ገዛሁ።

የምትቀይሩ ከሆነ ሥራ ጀምራችሁ መሀል ላይ አይሁን። በአዲስ ቨርዥን ተከፍቶ የተቀየረ ፕሮጀክት ወደ አሮጌው አይመለስም። እኔ የያዝኩትን አስረክቤ፣ የፕሮጀክት ላይብረሪውን ባክአፕ አድርጌ ነው የጫንኩት። አብረውት ከመጡት የኤአይ መሣሪያዎች አብዛኞቹን እስካሁን አልነካኋቸውም። ለእነሱ ብዬ ቢሆን ኖሮ ሳንቲም አላወጣም ነበር።