«እስቲ አንዴ ያዝልኝ»

ይሄ ነገር ከሆነ አራት ዓመት ሊሞላው ነው። ትዝ ባለኝ ቁጥር ግን አሁንም ሆዴ ይላወሳል። የሚያንገበግበኝ ድቧ አይደለችም። እሷ እንደ እናት ማድረግ ያለባትን ነው ያደረገችው።

ቦታው አላስካ ነው፤ ወደ ብሪስቶል ቤይ ከሚፈሱት ጅረቶች አንዱ። በየበጋው ሶክአይ የሚባለው የሳልሞን ዓሣ ከባሕር ተነስቶ ወደ ተፈለፈለበት ውሃ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ ወደ ብሪስቶል ቤይ 79 ሚሊዮን ገደማ ተመልሷል። የተፈለፈለበት ውሃ የደረሰው እንቁላሉን ጥሎ ይሞታል። የኛ ሥራ የሚጀምረው እሱ ሲሞት ነው። ጅረቱን ሽቅብ እየሄድን በሕይወት ያለውንም የሞተውንም እንቆጥራለን። ከሞተው ደግሞ የጆሮውን ድንጋይ እናወጣለን። የራስ ቅሉን ከላይ በቢላ ትቆርጥና አንጎሉን ገለል ታደርጋለህ። ከሥሩ የሩዝ ፍሬ የሚያክሉ ሁለት ነጫጭ ድንጋዮች ታገኛለህ። እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበት አላቸው፤ የዓሣው ዕድሜ የሚነበበው ከዚያ ነው።

ችግሩ ድብም ያንኑ ጭንቅላት ይወዳል። ዓሣ በተትረፈረፈ ጊዜ ብዙውን ሥጋ ትቶ አንጎሉንና እንቁላሉን ብቻ በልቶ ይሄዳል። ጭንቅላት የሌለው ዓሣ ዳር ላይ ወድቆ ካየህ፣ ደሙም ገና ካልጠቆረ፣ ባለቤቱ ሩቅ አይደለም ማለት ነው።

ያን ቀን ሦስት ነበርን። አለቃችን ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ እዚያው አገር ተወልደው ያደጉ ሴት ናቸው። ሁለተኛው ከእኔ አንድ ዓመት ቀድሞ ሥራውን የጀመረ ልጅ ነው። እኔ ጠመንጃ ያዥ ነበርኩ። ጠመንጃው 12 ጌጅ ሾትጋን ነው፣ በእጅ እየሳብክ የምታቀባብለው ዓይነት። የሚጎርሰው ስላግ የሚባለውን አንድ ወጥ ወፍራም እርሳስ ነው። ካዝናው ሙሉ ይሆናል፣ ነገር ግን ጥይት አጉርሰህ አትሄድም። በሚያዳልጥ ድንጋይ ላይ ሦስት ሰው ተከታትሎ ሲሄድ የጎረሰ ጠመንጃ ከድብ በላይ ያሰጋል።

በየዓመቱ ወቅቱ ሳይጀምር ተኩስ እንፈተናለን። ኢላማው ወደ አንተ እየተጎተተ ይመጣል፤ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ማቀባበል፣ ማነጣጠር፣ መተኮስ አለብህ። እኔ ጥሩ ተኳሽ ነኝ፤ ፈተናውን ወድቄ አላውቅም። ሲጀመር ጠመንጃው የተሰጠኝም ለዚህ ነው።

ከተኩሱ በፊት የሚነገርህ ሕግ ግን አንድ ነው። ጠመንጃ ያዥ አይቆጥርም፣ አያርድም፣ አይጽፍም። ማየትና ድምፅ ማሰማት ብቻ ነው ሥራው። ጠመንጃው ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ይሆናል። ጅረቱ ከጠበበበት፣ ግራና ቀኙን ቁጥቋጦ ከሸፈነው ቦታ ደርሰናል። ከፊታችን መታጠፊያ አለ። ውሃው ይጮኻል። ነፋሱ ወደ ፊታችን ይነፍሳል። ይህ ማለት ከፊት ያለ እንስሳ ሽታችንን አያገኝም፣ ድምፃችንንም አይሰማም። ልጁ ብዙ ሬሳ የተከመረበት ቦታ አግኝቶ ተንበርክኳል። እጁ በደምና በልጋግ ርሷል። ውሃ የማያበላሸውን ቢጫ ደብተር ወደኔ ዘረጋና «እስቲ አንዴ ያዝልኝ፣ እየነገርኩህ ጻፍ፤ ቶሎ እንጨርሳለን» አለኝ።

ያዝኩለት። ጠመንጃውን በማንገቻው ትከሻዬ ላይ አደረግሁና እርሳስ ያዝኩ።

«ሃያ ሦስት። ሴት። 512 ሚሊ ሜትር» አለ። ጻፍኩ። የመጨረሻዋን 2 ጫፍ ስጽፍ እርሳሱ ወረቀቱ ላይ እንዴት እንደተንሸራተተ እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ። ቀና ስል ድቧ መታጠፊያው ላይ ቆማለች።

ሃያ አምስት ሜትር ብትርቅ ነው። ከኋላዋ ሁለት ግልገሎች አሉ። ቡናማ ድብ በሰዓት 56 ኪሎ ሜትር ይሮጣል ይባላል። አስሉት፤ ሁለት ሰከንድ አይሞላም።

ደብተሩ የት እንደወደቀ አላየሁም። ጠመንጃውን አወረድኩ፣ ሳብኩ፣ አቀባበልኩ። ያ «ቻክ-ቻክ» የሚለው ድምፅ ከውሃው ጩኸት በላይ ተሰማ። ልጁ ከተንበረከከበት ብድግ ብሎ ወደ ኋላ ሸሸ፤ የሸሸው ወደ እኔ ነው። በጠመንጃው ጫፍ ላይ ያለችው ነጥብ የልጁ ቀይ ኮፍያ ላይ አረፈች። ድቧ ከኮፍያው ጀርባ ነበረች። ጣቴ ቃታው ላይ ነው።

ያኔ አለቃችን ተናገሩ። አልጮሁም። «አፈሙዙን ከልጁ ላይ አንሳ» አሉኝ።

አነሳሁ። እሳቸው በግራ በኩል ሁለት እርምጃ ወደፊት ወጡ። ድብ ሲመጣ ፊቱ ላይ የሚረጨው የበርበሬ ስፕሬያቸው መቆለፊያ ወልቆ በእጃቸው ላይ ነው። ግን አልረጩም። ማውራት ጀመሩ፤ ከጎረቤት ጋር እንደሚያወራ ሰው፣ በወፍራም ድምፅ። «እዚህ ነን እመቤቴ። ሰዎች ነን። አየንሽ። እየሄድን ነው።» ድቧ በኋላ እግሯ ቆመች። ወረደች። ጥርሷን አንቀጫቀጨች፤ ከአፏ ነጭ ለሃጭ ሲንጠባጠብ ይታየኛል። ሦስት አራት እርምጃ መጣችና ቆመች። እኛ ተጠጋግተን እንደ አንድ ሰው ወደ ኋላ እንሄዳለን። አለቃችን ያወራሉ። ከዚያ ፊቷን አዞረች። ግልገሎቹ ተከተሏት። ቁጥቋጦው ትንሽ ተነቃንቆ ጸጥ አለ።

ከጅረቱ ወጥተን ሜዳ ላይ ስንደርስ «አውጣው» አሉኝ። ጥይቱን አወጣሁ፤ ጠጠሩ ላይ ወደቀ። እጄ ስለሚንቀጠቀጥ እሳቸው ጎንበስ ብለው አነሱት። ልጁ ራቅ ብሎ ተቀምጦ ውሃ ይጠጣል።

«ድቧን ስታያት መጀመሪያ ምን አደረግህ?» አሉኝ።

«አቀባበልኩ።»

«ከዚያ በፊት ምን እያየህ ነበር?»

ዝም አልኩ። ደብተሩን እንደነበር ያውቃሉ። እንድነግራቸው ነው የፈለጉት። ነገርኳቸው።

ቁጣ ጠብቄ ነበር። አልተቆጡም። እኔ ግን ራሴን ለመከላከል ይሁን እንጃ «ስፕሬዩ እኮ አይሠራም ነበር። ነፋሱ ወደ እኛ ነበር፤ ብትረጩት እኛኑ ያሳውረን ነበር» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ። «ለዚህ ነው ያወራሁት። ወሬው ባይሠራ፣ ስፕሬዩም ባይሠራ ብዬ ነው ጠመንጃውን ላንተ የሰጠሁህ። ዞር ስል ግን አልነበርክም።»

ይቺ ናት እስከ ዛሬ ያልለቀቀችኝ። «አልነበርክም።» ሁለት ሜትር ርቀት ላይ፣ ጠመንጃ ታጥቄ።

ቀጥለው ድቧን ብገድላት ኖሮ ምን ይከተል እንደነበር ነገሩኝ። በአላስካ ሕግ ሕይወትህን ለማዳን ድብ መግደል ትችላለህ። ግን ራስህ ያመጣኸው ጣጣ መሆን የለበትም፣ ሌላ የሚቻለውን ሁሉ ሞክረህ መሆን አለበት። ከገደልክ በኋላ ቆዳውን ከነጥፍሩ ገፈህ፣ ከራስ ቅሉ ጋር ለመንግሥት ታስረክባለህ። በ15 ቀን ውስጥ ደግሞ ቅጽ ሞልተህ ሪፖርት ታደርጋለህ። እሳቸው ይሄን ሥራ በወጣትነታቸው አንድ ጊዜ ሠርተውታል። «ስትገፈው» አሉኝ፣ «ከቆዳው በታች ሰው ይመስላል።» ሌላ ነገር አልጨመሩም። እኔም የማስበው ሁለቱን ግልገሎች ነበር።

ማታ ካምፕ ስንገባ ልጁ ለሌላው ቡድን በራዲዮ ሲያወራ ሰማሁት። «ጠመንጃው ነው ያዳነን» ይላል። «ሲያቀባብል ድምፁን ሰምታ ደነገጠች።» እኔን እያመሰገነ ነው። ጀግና አድርጎኛል። በማግስቱ ሁሉም ሰው ጀርባዬን መታ መታ ያደርጋል። «ደብተሩን ያዝልኝ» ያለውን ግን ለማንም አልተናገረም። እኔም ያን ማታ «እንዲህ አይደለም» አላልኩም። አፌን ዘግቼ ሾርባዬን ጠጣሁ። በዚህ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

በኋላ የኔን ሪፖርት ስጽፍ ስለ ደብተሩ አራት መስመር ጻፍኩ። የሦስታችን ተጠቃሎ ከቢሮ ሲመጣ አራቱ መስመሮች የሉም። ማሳሰቢያው ለየቡድኑ ሁለተኛ ጠመንጃ ይገዛ የሚል ነበር። ተገዛ።

ከዚያ በኋላ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። የድብ ተመራማሪዎቹ ቶም ስሚዝና ስቲቨን ሄሬሮ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ በአላስካ ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ከድብ ጋር የተፋጠጡባቸውን 269 ገጠመኞች መርምረዋል። የተኮሰውና ይዞ ያልተኮሰው ሰው በደረሰባቸው ጉዳት ልዩነት አላገኙም። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ ስፕሬይን አጥንተው፣ ስፕሬይ ይዘው ድብን በቅርብ ርቀት ከተጋፈጡት ሰዎች 98 በመቶው አለመጎዳታቸውን ጽፈዋል። ቁጥሩን አምነዋለሁ። ለአዲስ ተቀጣሪ ሁሉ እነግራለሁ፤ ስፕሬዩን ቦርሳ ውስጥ ሳይሆን ደረታቸው ላይ እንዲያስሩ እለምናቸዋለሁ።

ግን ያን ቀን ነፋሱ ወደ ፊታችን ነበር። ስለዚህ ጠመንጃውን ተዉት አልልም። እኔ ራሴ ዛሬም እይዘዋለሁ። አለቃችን ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሌላ ሰው አላስያዙም። ለምን እንደሆነ ጠይቄያቸው አላውቅም።

በሚቀጥለው ዓመት ያው ልጅ ከእኛው ጋር ተመደበ። በመጀመሪያው ቀን፣ ገና ሁለተኛውን መታጠፊያ ሳናልፍ፣ እጁ በልጋግ ርሶ ቢጫውን ደብተር ዘረጋልኝ። «እስቲ አንዴ ያዝልኝ።»

«አልይዝም» አልኩት። ዓይኔን ከቁጥቋጦው ላይ አላነሳሁም።

ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ደብተሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ራሱ ጻፈ። እኔ ለመታጠፊያው ጮክ ብዬ ማውራት ጀመርኩ።