አይሱዙው ተነሳ፦ አለም ገና ጓሮ ውስጥ የ4ቢዲ1 ሞተር እድሳት

ጓደኞች፣ አይሱዙው ተነሳ። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት፣ አለም ገና ጓሯችን ውስጥ፣ ከአምስት ወር ዝምታ በኋላ። «እንዴት ሆነ?» እያላችሁ ስትጠይቁኝ ስለከረማችሁ ቁጭ ብዬ ልጻፍላችሁ። ከመነሳቱ በላይ ግን ልነግራችሁ የምፈልገው ለምን እንደሞተ ነው። ገንዘቤንም ጊዜዬንም ያዳነልኝ እሱን ማወቄ ነው።

መኪናው የአባዬ ነው። በፈረንጆች 1988 የተሠራ፣ ኤንፒአር የሚባለው የጭነት አይሱዙ። አሸዋ፣ ብሎኬት፣ አንዳንዴም ድንች እየጫነ እኛን ያሳደገበት ነው፤ ስለዚህ «ሽጡትና ተገላገሉ» የሚል ሰው ቤታችን ሰሚ የለውም። ሞተሩ 4ቢዲ1 ይባላል። 4 ሲሊንደር፣ 3.9 ሊትር፣ ተርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ) የሌለው። የሲሊንደሩ ስፋት 102 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ምት 118። ታይሚንጉ በቺንጋ ሳይሆን በጥርስ ነው የሚዞረው። ኮምፒዩተር የሚባል ነገር የለበትም። ቤቱ ሆኖ ሞተር መክፈት ለሚማር ሰው በጣም የሚመች ሞተር ነው።

ሕመሙ የጀመረው ክረምት ላይ ነው። ጠዋት ሲነሳ ነጭ ጭስ ግቢውን ያፍነዋል። ዳገት ላይ ይደክማል። ያልገባኝ ግን ዘይቱ ነበር። ያረጀ ሞተር ዘይት ይበላል፣ ይሄ የታወቀ ነው። የኛ ግን በየሳምንቱ መለኪያው ላይ ከፍ እያለ መጣ! ዘንጉን አውጥቼ ሳሸተው ናፍጣ ናፍጣ ይላል። በጣቶቼ መሃል ሳሸው ደግሞ እንደ ውሃ ቀጥኗል።

ሁለት ሦስት መካኒክ አየው። ሁሉም «ካሚቻና ፋሻ ጨርሷል፣ ሙሉ ኪት ግዛና ግጠም» አሉኝ። ካሚቻ ፒስተኑ የሚመላለስበት የሲሊንደር ግድግዳ ነው፣ ፋሻ ደግሞ ፒስተኑን የሚከበው ቀለበት። ስለ ካሚቻው አልተሳሳቱም። ግን ናፍጣው ዘይት ውስጥ እንዴት ገባ ስላቸው የሚመልስልኝ አጣሁ።

የሰፈራችን አዛውንት መካኒክ ዘንድ ሄድኩ። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ በጉብዝናቸው ዘመን ኤንትሬ፣ ማለት የፊያቱን 682፣ ፈተው ሲገጥሙ የኖሩ ሰው ናቸው። «ልጄ፣ ቁልፍ ከማንሳትህ በፊት ኮምፕሬሽኑን ለካ» አሉኝና መለኪያቸውን አዋሱኝ። ኮምፕሬሽን ፒስተኑ አየሩን የሚያምቅበት ግፊት ነው። ኢኔቶሪዎቹን (ናፍጣ የሚረጩትን) አውልቄ በየቀዳዳው ለካሁ። 1ኛው 24 ባር፣ 2ኛው 23፣ 3ኛው 15፣ 4ኛው 23። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። እኛ ያለነው ከባሕር ወለል ከ2,200 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር በሩብ ያህል ይሳሳል፣ ስለዚህ ቁጥራችሁ መጽሐፉ ላይ ካለው ዝቅ ቢል ወዲያው አትደንግጡ። አንዱን ሲሊንደር ከሌላው ጋር አወዳድሩ። ቀጥዬ 3ኛው ውስጥ አንድ ማንኪያ ዘይት ጠብ አድርጌ ደግሜ ለካሁ፤ ወደ 20 ወጣ። ዘይቱ ክፍተቱን ለጊዜው ስለደፈነው ነው። ባልቦላው (የአየር ማስገቢያና የጭስ ማስወጫ ክዳኑ) ቢሆን ኖሮ አይወጣም ነበር። ስለዚህ ጥፋቱ ፋሻና ካሚቻ ላይ ነው፣ ያውም የአንዱ ብቻ።

ሞተሩን ያወረድነው ጥቅምት ላይ፣ መሬቱ ሲደርቅ ነው። ከ300 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ሦስት ወፍራም የባሕር ዛፍ ግንድ አናታቸውን በሰንሰለት አስረን፣ እግራቸውን መሬት ውስጥ ቀብረን፣ በፓራንኮ (በሰንሰለት ማንሻ) አነሳነው። ከሥሩ ማንም እንዳይቆም አጥብቄ ተናገርኩ። ያንን ቀን የጎረቤት ልጆች ባይኖሩ አልችለውም ነበር፣ እግዜር ይስጣቸው።

ሲበተን ሁሉንም ነገር ቁጥር ሰጠሁት። ብሎኖቹ በየጣሳው፣ የባልቦላ መግፊያ ዘንጎቹ ካርቶን ላይ በየተራቸው ተሰክተው። ኮሎዶካውን፣ ማለት የፒስተኖቹን መውጣት መውረድ ወደ ዙር የሚለውጠውን ዘንግ፣ የሚይዙት አምስቱ ክዳኖች በምንም ዓይነት መቀያየር የለባቸውም፣ እያንዳንዱ ከቦታው ጋር አብሮ በልክ የተቦረቦረ ነው። (ኮሎዶካ በጣልያንኛ የዝይ አንገት ማለት መሆኑን የነገሩኝ እኚሁ አዛውንት ናቸው። ክራንክሻፍቱን እጄ ላይ ይዤ ሳየው እውነትም አንገት ይመስላል።)

አሁን ወደ 3ኛው ፒስተን ልምጣ። ሦስቱ ፒስተኖች ሲወጡ አናታቸው ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ለብሷል። የ3ኛው ግን በአንድ ወገን ታጥቧል። ልክ አንድ ሰው በጨርቅ የወለወለው ይመስል የጣት ስፋት ያህል ብረቱ ያበራል። በዚያው ወገን ካሚቻው ላይ ከላይ ወደ ታች የወረዱ ጭረቶች አሉ። ጥፍሬን ሳሳልፍበት ይይዘኛል። በሌሎቹ ላይ አሁንም በደብዛዛው የሚታየው የተቆራረጠ የሆኒንግ (በድንጋይ የመሞረድ) መስመር እዚህ ጭራሽ የለም። የ3ኛው ቢየላ (ፒስተኑን ከኮሎዶካው የሚያገናኘው ክንድ) ብሮንዚናም፣ ማለት ዘንጉ የሚዞርበት ስስ ንጣፍ፣ ግራጫው ሽፋኑ ተበልቶ መዳቡ ወጥቷል።

ይህን ሳይ አራቱን ኢኔቶሪ በጨርቅ ጠቅልዬ የናፍጣ ፖምፓ የሚሠሩ ልጆች ዘንድ ወሰድኩ። መሞከሪያው ላይ አንድ በአንድ አሰሯቸው። ሦስቱ ናፍጣውን እንደ ጉም ይበትኑታል። 3ኛው ይንጠባጠባል። በቃ፣ እንዳልተዘጋ ቧንቧ።

ነገሩ ሁሉ እዚያ ጋ ገጠመልኝ። ጉም ያልሆነ ናፍጣ በወጉ አይቃጠልም። ጠብታው ግድግዳው ላይ አርፎ የዘይቱን ስስ ሽፋን ያጥበዋል። ፋሻው ያለ ዘይት ብረትን ከብረት ይፈትጋል። የተረፈው ናፍጣ በፋሻው ክፍተት ሾልኮ ወደ ኮፓው (ከሥር ወዳለው የዘይት ገንዳ) ይወርዳል፣ ዘይቱ ይቀጥናል፣ የቀጠነ ዘይት ደግሞ ብሮንዚናውን መሸከም ያቅተዋል። ነጩ ጭስም፣ ከፍ የሚለው ዘይትም፣ ድካሙም ከአንድ ጠብታ ነው የመጡት። ኪቱን ገዝቼ አሮጌውን ኢኔቶሪ መልሼበት ቢሆን ኖሮ አዲሱ ካሚቻ ብዙ ሳይቆይ ያው ይሆን ነበር።

ግን ኢኔቶሪውስ ለምን ተበላሸ? ይህንንም ሳላውቅ አልገጥምም አልኩ። ሰርባታዮውን (የናፍጣ ታንከሩን) አወረድኩት። ናፍጣውን ሳንጠፈጥፍ መጨረሻ ላይ የወጣው ቡናማ ጭቃ ነው፣ ውሃና ዝገት የተቀላቀለበት፣ ለሁለት ሲኒ የሚሆን። ማጣሪያው ደግሞ ማሸጊያው ጠምሞ ስለተቀመጠ ናፍጣው ሳይጣራ በጎን ያልፍ ነበር። ሰርባታዮውን ጠጠርና ናፍጣ ጨምሬ እያንቀጠቀጥኩ ሦስት ቀን አጠብኩት።

ዕቃ የገዛሁት ሶማሌ ተራ ነው። ዋጋውን አልጽፍላችሁም፣ እናንተ እስክትሄዱ ይለወጣል። አንድ ምክር ግን አለኝ፤ ካሊፐር ይዛችሁ ሂዱ። ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ሳይሆን የለካችሁትን ግዙ። የመጀመሪያው ያሳዩኝ ፒስተን ሳጥኑ ያምራል፣ ስፒናው (ከቢየላው ጋር የሚያያይዘው ዘንግ) ግን የኛው ቢየላ ውስጥ አይገባም። ከሌላ ሱቅ የገዛኋቸውን አራት ፒስተኖች ደግሞ አንድ ባለ ሱቅ ለምኜ በዲጂታል ሚዛኑ መዘንኳቸው። አንዱ ከሌሎቹ በ11 ግራም ከበደ። መልሼ ቀየርኩት፣ ሻጩም ቅር አላለውም።

ብሎኩ ቶርኖ ቤት ሄዶ ካሚቻው ተቀየረ፣ ሆኒንግ ተደረገለት። ኮሎዶካውን በማይክሮሜትር ለኩት፤ ሬቲፊካ (በማሽን መሞረድ) አላስፈለገውም፣ መወልወል ብቻ በቃው። ብሎኩን ስረከብ «ታጥቧል» አሉኝ። እቤት አምጥቼ የዘይት መተላለፊያውን ቡሽ ፈትቼ በሽቦ ላይ ጨርቅ ጠምጥሜ ሳስገባ ግን ግራጫ አሸዋ የመሰለ ነገር ይዞ ወጣ። ፍጭ ብረትና የሆኒንግ ድንጋዩ ብናኝ ነው። ያ ነገር ሞተሩ በተነሳ በመጀመሪያው ደቂቃ አዲሱ ብሮንዚና ላይ ይሰካ ነበር። በጣም አዘንኩ፣ ተናደድኩም። ከዚያ እጅጌዬን ሰብስቤ በፈላ ውሃና በልብስ ሳሙና፣ እያንዳንዱን ቀዳዳ በጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ፣ ነጭ ጨርቅ ገብቶ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ አጠብኩት። አንድ ቀን ሙሉ ፈጀብኝ። እንደደረቀ ወዲያው ዘይት ቀቡት፤ ፀሐይ ላይ ቡና ተፈልቶ እስኪጠጣ እንኳን አይጠብቅም፣ ቀይ ዝገት ያብባል።

መግጠሙን ጥር ላይ፣ ከጥምቀት በኋላ ጀመርኩ። የኛ ሰፈር አቧራ ከባድ ነው፣ የቡታጅራው መንገድ ቅርባችን ስለሆነ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ይነሳል። ስለዚህ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት፣ ነፋስ ሳይነሳ ብቻ ነበር የምሠራው። ስተወው በላስቲክ እሸፍናለሁ።

ፋሻ ስትገጥሙ ከሳጥን አውጥታችሁ ዝም ብላችሁ ፒስተን ላይ አታድርጉ። መጀመሪያ ካሚቻው ውስጥ ከትታችሁ፣ በፒስተን አናት ገፍታችሁ ቀጥ አድርጋችሁ፣ የጫፎቹን ክፍተት በፊለር (በስስ የመለኪያ ቅጠል) ለኩ። የኔዎቹ ከ0.35 እስከ 0.45 ሚሊ ነበሩ። ጠባብ ከሆነ ሲሞቅ ጫፎቹ ይገናኙና ይሰበራል። ጽሑፍ ያለበት ገጽ ወደ ላይ ይሁን፣ ክፍተቶቹም በአንድ መስመር አይግጠሙ።

ኮሎዶካው ሲቀመጥ አዛውንቱ አጠገቤ በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው ነበር። «እያንዳንዱን ክዳን ስታጠብቅ አዙረው» አሉኝ። አንደኛውን አጥብቄ በእጄ አዞርኩት፣ እንደ ቅቤ ይዞራል። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው እንዲሁ። አራተኛውን በቶርክ ሬንች ሳጠብቅ ከበደ። እሳቸው ምንም ሳይሉ ዝም ብለው አዩኝ። ፈታሁት። ከብሮንዚናው ጀርባ አንዲት የጨርቅ ክር ተጣብቃለች፣ ከፀጉር የማትወፍር። ጠርጌ፣ ዘይት ቀብቼ መልሼ ሳጠብቀው ዞረ። ይህችን ክር እስካሁን ወረቀት ላይ ለጥፌ አስቀምጫታለሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሞተር ውስጥ የሚገባ ነገር ክር በሚተው ጨርቅ አልጠርግም።

ቴስታታውን (የሲሊንደሮቹን የላይ ክዳን) ብዙም አላወራበትም። ስንጥቅ የለውም፣ ቀጥ ያለ ነው፣ ባልቦላዎቹ ተፈጩ፣ አዲስ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ተደረገ። ብሎኖቹን ከመሃል ወደ ዳር፣ በአንዴ ሳይሆን በደረጃ አጥብቁ። የባልቦላ ክፍተቱ ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ 0.40 ሚሊ ነው፣ ማስገቢያውም ማስወጫውም። የአተኳኮስ ተራው 1-3-4-2 ስለሆነ በሁለት ዙር ያልቃል። 1ኛው ፒስተን ኮምፕሬሽን ላይ ሆኖ ከላይ ሲደርስ የ1ኛውን ሁለቱንም፣ የ2ኛውን ማስገቢያና የ3ኛውን ማስወጫ ታስተካክላላችሁ። ከዚያ ኮሎዶካውን አንድ ሙሉ ዙር አዙራችሁ የቀሩትን አራቱን።

ቅዳሜ ደረሰ። መጀመሪያ የኢኔቶሪዎቹን ቱቦ ፈታ አድርጌ በሞተሪኖ (በማስነሻው) ብቻ አዞርኩት፣ እንዳይነሳ። ያረፍኩት የዘይቱ መብራት ሲጠፋ ነው። ከዚያ አየሩን በእጅ ፖምፓው አስወጣሁ፣ ቱቦዎቹን አጠበቅሁ። አባዬን ጋቢና አስገባሁት። እሱ ነው ማስነሳት ያለበት።

መጀመሪያ ሁለት ጊዜ ሳል ሳል አለ። ሦስተኛው ላይ ያዘ። ትንሽ ነጭ ጭስ ወጣ፣ የመገጣጠሚያው ዘይት ነው፤ ደቂቃ ሳይሞላው ጠራ። እማዬ ከወጥ ቤት እልል እያለች ወጣች። አባዬ መሪውን በሁለት እጁ እንደያዘ ብዙ ጊዜ ሳይወርድ ቆየ።

ለሮዳጅ (አዲሱን ሞተር ለማለማመድ) ብላችሁ ቆሞ ለሰዓታት እንዲሠራ አትተዉት፤ ፋሻው ከካሚቻው ጋር የሚላመደው ሸክም ሲያገኝ ነው። ሃያ ደቂቃ አሙቀነው፣ የሚፈስ ነገር አለመኖሩን አይተን፣ ግማሽ ጭነት አሸዋ አድርገንበት በቡታጅራው መንገድ እስከ መልካ ቁንጥሬ፣ እስከ አዋሽ ድልድይ ወረድን። መልሱ ዳገት ነው። ጥቅምት ላይ በ2ኛ ማርሽ ያለቀሰበትን ቦታ በ3ኛ ወጣው፣ ሙቀቱም መሃል ላይ ቆመ። የራዲያተሩን ክዳን አብሬ መቀየሬ ጠቅሞኛል። እኛ ከፍታ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው፣ ግፊት የማይዝ ክዳን ያለው መኪና ቶሎ ያፈላል።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ዘይቱን አያለሁ። ያው መስመር ላይ ነው። አሸተዋለሁ፣ ናፍጣ የለውም። የመጀመሪያውን ዘይት በሚቀጥለው ሳምንት አውጥቼ ማጣሪያውን በመጋዝ ከፍቼ ውስጡን አያለሁ፣ የማገኘውንም እጽፍላችኋለሁ። አንድ የቀረኝ ነገር በቮላኖው (ከኋላ ባለው ከባድ ጎማ መሰል ብረት) በኩል ያለው የዘይት ማሸጊያ ነው፤ በቀን ሁለት ሦስት ጠብታ ያንጠባጥባል። እሱን ለመቀየር ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) መውረድ ስላለበት ከፋሲካ በኋላ እገባበታለሁ። ግንዶቹን ከጓሮ አልነቀልኳቸውም።