«በስኳር ልክ ይጠቀሙ» የሚለውን ማሸጊያ አትመኑ

በቤታችን ስኳር የተከለከለ ሰው ስላለ፣ ኬክ ኤሪትሪቶል በሚባል የስኳር ምትክ መሥራት ለመድሁ። መጋገሩ አያስቸግርም፤ ክሬሙ ግን አንጀቴን አቃጥሎታል።

ማሸጊያው «በስኳር ምትክ፣ በዚያው ልክ ይጠቀሙ» ይላል። እንደተባለው አደረግሁ። የቀመሱት ሁሉ «ናና ጨምረሽበታል እንዴ?» አሉኝ። ናና የሚባል ነገር አልነካውም! ክሬሙ ከማቀዝቀዣ ከወጣ ቆይቷል፤ ምላስ ላይ ሲያርፍ ግን ይበርዳል። አምራቹ ዘንድ ስደውል ስልኩን ያነሳው ሰው «የጣዕም ጉዳይ ነው፤ ቫኒላ ይጨምሩበት» አለኝ። ይህ መልስ ዛሬም ያበሽቀኛል።

ጉዳዩ የጣዕም አይደለማ! ዱቄቱን ውሃ ውስጥ በጥብጬ ቴርሞሜትር ብነክርበት ንባቡ ቁልቁል ወረደ። የኤሪትሪቶል ክሪስታል ሲሟሟ ከዙሪያው ሙቀት ይወስዳል፤ ለአንድ ግራም 180 ጁል (የሙቀት ጉልበት መለኪያ) ገደማ። ተራ ስኳር የሚወስደው የዚህን አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነው። አፍ ውስጥ ሲሆን ሙቀቱ የሚወሰደው ከምራቅና ከምላስ ነው። ታዲያ ቫኒላ ምን ሊያደርግ?

ናና ያሉኝም ሰዎች አልተሳሳቱም። በናና ውስጥ ያለው ሜንቶል አፍን አያቀዘቅዝም፤ የሚያታልለው ነርቭን ነው። ነርቮቻችን ላይ ቅዝቃዜ ሲመጣ የሚከፈት ቲአርፒኤም 8 የሚባል ፕሮቲን አለ። ሜንቶል ይህንኑ በር ያለ ቅዝቃዜ ይከፍተዋል። በ2002 ሳይንቲስቶቹ ዴቪድ ጁሊየስና አርደም ፓታፑቲያን በየፊናቸው የደረሱበት ነገር ነው፤ ስለ ሙቀትና ንክኪ ተቀባዮች ባደረጉት ምርምር በ2021 የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል። የእኔ ክሬም በእውነተኛ ብርድ፣ ናናው በማታለል ያንኑ በር ያንኳኳሉ።

«አድቅቀሽ ፍጪው» የሚሉ አሉ። ሻካራነቱ ይቀንሳል፤ የደቀቀ ዱቄት ግን ቶሎ ስለሚሟሟ ብርዱም ቶሎ ይመጣል። ቀጥሎ በትኩስ ወተት አሟሟሁት። አስቀድሞ የሟሟ ነገር አፍ ውስጥ ሙቀት አይወስድምና ያን ምሽት ክሬሙ ግሩም ነበር። በማግስቱ ማቀዝቀዣውን ስከፍት እንደገና ክሪስታል ሠርቶ ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሻል፤ ብርዱም ተመልሷል። ኤሪትሪቶል በቀዝቃዛ ነገር ውስጥ የመሟሟት አቅሙ ይወርዳል። ይህን ማሸጊያው ላይ በአንዲት መስመር መጻፍ ምን ይከብድ ነበር?

አሁን ኤሪትሪቶሉን ከግማሽ በታች አድርጌ፣ የቀረውን በቀላሉ በሚሟሟውና ክሪስታል ለመሥራት በማይቸኩለው ሌላ የስኳር ምትክ፣ በአሉሎስ እሞላለሁ። ሙሉውን ልክ የምጠቀመው ለትኩስ መጠጥ ብቻ ነው። ብርዱ ለሚፈለግበት የናና ከረሜላ ዛይሊቶል የሚባለው የስኳር ምትክም ጥሩ ነው፤ ማስቲካ ውስጥ የሚገባውም በከፊል ለዚሁ ነው። ውሻ ያላችሁ ግን ዛይሊቶልን ቤታችሁ አታስገቡት፤ ጥቂቱ እንኳ ውሻ ሊገድል ይችላል።