ደንገጎ ሲጠቁር

በድሬዳዋ ለአንድ የጎርፍ መከላከያ ግንብ ጥናት ቅየሳ እሠራ በነበረበት ክረምት፣ ከቀትር በኋላ መሣሪያዬን ከተማዋን አቋርጦ በሚያልፈው በደቻቱ ወንዝ መሃል ተከልኩ። ደቻቱ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። ፀሐዩ አናት ይበሳል።

አሸዋ የሚጭኑ አንድ አዛውንት አካፋቸውን እንደያዙ መጡና «ልጄ፣ ዕቃህን አንሣ፤ ደንገጎ ጠቁሯል» አሉኝ። ደንገጎ ከከተማዋ በላይ ያለው ተራራ ነው። ቀና ብዬ አየሁ፤ ከአናቴ በላይ አንድም ደመና የለም። «አባባ፣ ሦስት ነጥብ ብቻ ነው የቀረኝ» አልኳቸው። አልተከራከሩኝም፤ ራሳቸው የመሣሪያውን እግሮች ማጠፍ ጀመሩ። ተናድጄ እየተከተልኳቸው ዳር ወጣን።

ግማሽ ሰዓት አልሞላም። መጀመሪያ የእርጥብ አፈር ሽታ መጣ፤ ቀጥሎ ከባድ መኪና ዳገት ሲወጣ የሚያሰማው ዓይነት ጉርምርምታ። ደራሹ ጎርፍ ጭራሮና ፌስታል እየገፋ ደረሰ፤ ከኋላው ድንጋይ ከድንጋይ ይጋጫል። በቀይ ቀለም ምልክት ያደረግሁበት ቋጥኝ ዓይኔ እያየ ጠፋ። እኛ ላይ ግን አንዲት ጠብታ አልወረደችም።

አዛውንቱ «በ98ም እንዲሁ ነበር። ሌሊት፣ ሰው በተኛበት» አሉና ዝም አሉ። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ያ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ይህንን በሪፖርቴ መግቢያ ላይ ጽፌዋለሁ፤ ጽፌዋለሁ እንጂ አልገባኝም ነበር።

ያን ማታ የጎርፍ ስሌቴን እንደገና ከፈትኩ። የተጠቀምኩት በከተማዋ ውስጥ የተለካውን ዝናብ ነበር፤ መረጃው ቅርብና የተሟላ ስለሆነልኝ። ድሬዳዋ ያለችው 1200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ጎርፏ የሚነሣው ግን ከ2000 ሜትር በላይ ከሚደርሱት ከሐረርጌ ተራሮች ነው። እዚያ ደኑ ተመንጥሯል፤ አፈሩ ስስ ነው፤ ቁልቁለቱ ውኃውን ወደ መሬት እንዲሰርግ ጊዜ አይሰጠውም። የለካሁት የማይመለከተኝን ሰማይ ነበር።

በማግስቱ ለኃላፊዬ ስህተቴን ነገርኩት፤ ጥናቱም ከላይኛው ተፋሰስ ጀምሮ ተከለሰ። ሥራው ዘገየ፤ ወቀሳም ነበረበት። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነገር ነው፦ ግንቡ በመጀመሪያው ስሌት ቢቆም ኖሮ፣ ሰዎች አምነውት ከጀርባው ቤት ይሠሩ፣ ልጆቻቸውን ያስተኙ ነበር።

አሁን ደቻቱ ውስጥ ሥራ ሲኖረኝ አስቀድሜ ደንገጎ ላይ ሻይ ለሚሸጡ አንዲት እናት እደውላለሁ። «ተራራው ዛሬ አይታይም» ካሉኝ፣ መሣሪያውን ከመኪና አላወርድም።